በመዳብ መስቀል ሚስት ይገዛ ነበርን? ስለ አፍሪካ የብረትና የመዳብ ገንዘብ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ቤልጅየም የሚኖሩ አንድ አንባቢ ሙዚየም ጎብኝተው ሲመለሱ የላኩት ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ በመስታወት ሣጥን ውስጥ መዳፍ የሚያህል መስቀልማ የመዳብ ቁራጭ፣ ከጎኑም ከልጅ ቁመት የሚበልጥ የጦር ስለት ተቀምጦ አይተዋል፤ ሁለቱም «ገንዘብ» የሚል ስያሜ ተሰጥቷቸዋል፤ ለጋብቻ ይከፈሉ እንደነበርም መግለጫው ይናገራል። ታዲያ መስቀሉ ክርስትና በዚያ አገር ቀድሞ መኖሩን ያመለክታልን? ይህን የመሰለ ነገር እውነት ገበያ ወጥቶ ይሸመትበት ነበርን? ለጋብቻ ይከፈል ከነበረስ ሴት ልጅ እንደ ዕቃ ትገዛ ነበር ማለት ነውን? በመጨረሻም ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱን ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ ነውር እንዳለው ጠይቀዋል።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። መስቀሉ ከክርስትና ጋር ግንኙነት የለውም። በገበያም ይሠራበት ነበር፤ ይሁን እንጂ ከፍተኛውን ክብሩን ያገኘው ከገበያ ውጪ፣ በጋብቻ፣ በካሳ፣ በቀብርና በማኅበር መግቢያ ክፍያ ላይ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ግን በአንድ ቃል የሚመለስ ባለመሆኑ፣ ከምላሼ አብዛኛውን ለእርሱ አውለዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመዳብ መስቀሉ አገሩ ካታንጋ ነው፤ ይኸውም ዛሬ የዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ ደቡብ ምሥራቃዊ ክፍል ሲሆን ከዛምቢያ ጋር የሚጋራው ታላቅ የመዳብ ቀበቶ የሚያልፍበት ምድር ነው። ሥራው የበጋ ሥራ ነበር። ማሽላው ታጭዶ ጎተራ ከገባ በኋላ የመንደሩ ሰው ወደ ማዕድኑ ቦታ ይሰፍራል፤ ሴቶችና ልጆች አረንጓዴውን የመዳብ ድንጋይ ከምድር ፊት ይለቅማሉ፣ ወንዶቹ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ከዚያም ድንጋዩ ከኩይሳ አፈር በተሠራ ምድጃ ውስጥ ከከሰል ጋር ተደርቦ በቆዳ ወናፍ እየተነፋ ይቀልጣል። የቀለጠው መዳብ በአሸዋ ወይም በአፈር ላይ በተሣለ መስቀልማ ቦይ ውስጥ ይፈስሳል። በእጅዎ የመያዝ ዕድል ቢያገኙ አንደኛው ገጽ የአሸዋውን ሻካራነት እንደያዘ መቅረቱን፣ ወደ አየር የዞረው ገጽ ደግሞ ሲቀዘቅዝ የተጨማደደውን ቆዳ እንዳሳየ ያያሉ። የክንዶቹ ርዝመትም ፍጹም እኩል አይሆንም፤ ቦዩን የሣለው የሰው እጅ ነውና። አራት ክንድ ያለው ነገር በገመድ ለማሰርና በሸክም ለማጓጓዝ ይመቻል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዬኬ ንጉሥ በምሲሪ ግዛት ይህን ሥራ የያዙት ባለሙያዎች የራሳቸው ማኅበርና ሥርዓት ነበራቸው፤ «መዳብ በሎች» ተብለውም ይጠሩ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት አዛውንቶቹ አቅላጮች ሥራውን ዳግም ሠርተው በማሳየታቸው ነው ዛሬ ስለ አሠራሩ ይህን ያህል ማወቅ የቻልነው።

ስለ ክርስትናው የሚነሣውን ጥርጣሬ የሚዘጋው መቃብር ነው። በዚያው በካታንጋ፣ በኡፔምባ ሸለቆ፣ በተለይ ሳንጋ በሚባለው ሥፍራ በአርኪዮሎጂስቶች የተቆፈሩት መቃብሮች ፖርቱጋሎች በ1483 የኮንጎን ወንዝ አፍ ከማየታቸው በፊት ጀምሮ የመዳብ መስቀሎችን ይዘው ተገኝተዋል፤ የወንዙ አፍ ራሱ ከሳንጋ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እነዚህ መቃብሮች ሌላም ነገር ያስተምራሉ፤ እኔ በበኩሌ በዚህ ጉዳይ ላይ ካሉን ማስረጃዎች ሁሉ የበለጠ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው። በቀደሙት መቃብሮች መስቀሎቹ ትልልቅና ጥቂት ናቸው፤ በሟቹ ደረት ላይም ይቀመጣሉ። ዘመኑ ወደ እኛ እየቀረበ በሄደ መጠን መስቀሎቹ እያነሱ፣ በመጠን እየተመሳሰሉና በቁጥር እየበዙ ይሄዳሉ፤ የሚገኙትም በሟቹ እጅ አጠገብ ወይም በወገቡ ዙሪያ ነው፤ ይህም በእጅ እንደተያዘ ወይም በወገብ እንደታሰረ ገንዘብ ያስመስላቸዋል። በደረት ላይ የሚያርፍ የክብር ምልክት የነበረው ነገር በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ የሚቆጠር ገንዘብ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሰው ገንዘብ ከገበያ ተወልዶ ኋላ ወደ ሥነ ሥርዓት የገባ ይመስለዋል፤ የሳንጋ መቃብሮች የሚያሳዩት ጉዞ ግን በተቃራኒው ከክብር ተነሥቶ ወደ ቁጥር የደረሰ ነው።

አሁን ወደ ጋብቻው እንምጣ። ከመስቀሉ አጠገብ ያዩት የጦር ስለት በአብዛኛው «ንግቤሌ» የሚባለው መሆን አለበት፤ ከኪሳንጋኒ በታች በኮንጎ ወንዝ ዳር የሚኖሩት ሎኬሌ፣ ቱሩምቡና ቶፖኬ የሚባሉት ሕዝቦች ይገለገሉበት የነበረ ሲሆን ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ሊያልፍ ይችላል። ለጦርነት የታሰበ አይደለም፤ ስለቱ እጅግ ስስ ስለሆነ ቢወረወር ይታጠፋል። አንጥረኛው ይህን ሁሉ ብረት ወደማይዋጋ መሣሪያ የለወጠው ተሳስቶ አይደለም። ሥራ ላይ ሊውል የማይችል ብረት የሰጪውን አቅም ይናገራል፤ ዶማና መጥረቢያ ሆኖ ሊያገለግል የሚችለውን ያህል ብረት አንድ ቤተሰብ በአደባባይ ለሌላው ቤተሰብ ሲያስረክብ ምስክሮች ሁሉ ያዩታል፣ ከዓመታት በኋላም ያስታውሱታል።

ክፍያው የሚጓዝበትን መንገድ ልብ ይበሉ። የሙሽራው ወገኖች ብረቱን ከአባት፣ ከአጎትና ከታላቅ ወንድም ያሰባስባሉ፤ የሙሽሪት አባት ይቀበላል፤ እርሱ ዘንድ ግን ብዙ አይቆይም፤ በአብዛኛው ለሙሽሪት ወንድም ሚስት ለማምጣት ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። እኅቱ የተዳረችበት ብረት የወንድምየው ትዳር ይሆናል፤ ከዚህም የተነሣ ወንድም ለእኅቱ ዕድሜ ልኩን ባለዕዳ ነው፤ በባሏ ቤት ብትበደል ሊቆምላት ይገባል። ትዳሩ ከፈረሰ ብረቱ ይመለሳል፤ ልጆች ተወልደው ከሆነ የሚመለሰው መጠን ይቀነሳል ወይም ጨርሶ ይቀራል። ክፍያው የሚያስገኘው ዋናው መብት ልጆቹ በማን ዘር እንደሚቆጠሩ የሚወስነው ስለሆነ፣ ብረቱ ያልተከፈለላት ሴት ልጆች በብዙ ቦታ በእናታቸው ወገን ይቀሩ ነበር። ባል ሚስቱን ለሌላ መሸጥ አይችልም፤ ገበያ ወስዶም በፍየል አይለውጣትም። ዕቃ የገዛ ሰው ከሻጩ ጋር ሒሳቡን ዘግቶ ይለያያል፤ ይህ ክፍያ ግን ሁለቱን ቤቶች ለትውልድ የሚያገናኝ ሒሳብ ይከፍታል። ስለዚህ «የሙሽራ ዋጋ» የሚለው የሙዚየም መግለጫ አንባቢን ያሳስታል። በአማርኛ «ማጫ» ማለቱ ይቀርባል፤ ሽማግሌ ተልኮ ሲከራከርበት፣ ሲጨመርና ሲቀነስ የሰማ ሰው የነገሩን ጠባይ ያውቀዋልና።

ይህን ስል ሥርዓቱ ለሴቲቱ የተመቸ ነበር ማለቴ አይደለም። ብረቱን የሚያሰባስቡትም፣ የሚቆጥሩትም፣ የሚከራከሩበትም ወንዶች ናቸው፤ በተለይም ሽማግሌዎች። ብረቱ በእነርሱ እጅ ስለሚከማች ወጣቱ ማግባት የሚችለው እነርሱ ሲፈቅዱለት ብቻ ነው፤ ባለጸጋ ሽማግሌ ብዙ ሚስቶች ሲኖሩት ለፍቶ አዳሪው ወጣት እስከ ጉልምስና ላጤ ሆኖ ይቆያል። የተጋነነ ውዳሴ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ይዘልሉታል። ብረቱ ዝምድናን ያስተሳሰረውን ያህል የሽማግሌዎችንም ሥልጣን ያጸና ነበር።

ለዚህ ሥራ ብረትና መዳብ የተመረጡት እንዲሁ ስለማይበሰብሱ ብቻ አልነበረም። በመካከለኛውና በደቡባዊ አፍሪካ ብዙ ሕዝቦች ዘንድ ማዕድን ማቅለጥ እንደ መውለድ ይታሰብ ነበር። በአንጎላ ቾክዌዎች ዘንድ ምድጃው ጡት ተሠርቶለት በሴት አምሳል ይቆማል፤ ማዕድኑ ከማኅፀኑ እንደሚወጣ ልጅ ይቆጠራል። በብዙ ቦታ አቅላጮቹ ሥራው እስኪያልቅ ከሚስቶቻቸው ይርቃሉ፤ ምድጃው «ነፍሰ ጡር» ሳለ ወደ ሌላ ሴት መሄድ ማመንዘር ነውና፣ ማዕድኑም ይጨነግፋል ይባላል። እንግዲህ ልጅ የምትወልድ ሴት ከአባቷ ቤት ስትወጣ በምትኳ የሚገባው ነገር ራሱ «የተወለደ» ብረት መሆኑ ለእነርሱ የተፈጥሮን ሥርዓት የተከተለ ነው። አንጥረኛውም በዚሁ ምክንያት የተከበረ ነው፤ በኮንጎ በሚኖሩት በሉባ ሕዝብ ነገሥታት ወግ የአንጥረኛው መስፍ የሥልጣን ምልክት ሲሆን፣ በመስፍ አምሳል የተሠሩ የጸጉር መርፌዎችም ይሰካሉ። እኛ አገር ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያልን ከመሬትና ከጋብቻ ስናገልለው መኖራችንን ላስታወሰ ሰው ልዩነቱ ያሳፍራል። በሁለቱም ቦታ እሳትና ብረት የሚያዝዝ ሰው የተለየ ኃይል እንዳለው ታምኗል፤ እነርሱ ወደ ዙፋኑ አስጠጉት፣ እኛ ወደ መንደሩ ዳር ገፋነው።

ገንዘብ ነፍስ አለው የሚለው እምነት በግልጽ የሚታየው ግን በምዕራብ አፍሪካ፣ ጊኒ፣ ሴራሊዮንና ላይቤሪያ በሚገናኙበት የጫካ አገር ነው። እዚያ ኪሲ፣ ሎማ፣ ባንዲና ሌሎችም ሕዝቦች የሚገበያዩበት፣ እንግሊዞች «የኪሲ ፔኒ» ያሉት ቀጭን የብረት ዘንግ ነበረ። አንዱ ጫፉ በሁለት በኩል እንደ ጆሮ የወጣ ነው፤ ሌላው ጫፍ ተጠፍጥፎ እንደ ትንሽ ዶማ ወይም እንደ እግር መዳፍ ይሰፋል፤ መካከሉ ደግሞ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ነው። ጥምዘዛው ጌጥ ብቻ አይደለም፦ መናኛ ብረት ሲጠመዘዝ ይሰበራል፤ የጫፎቹ መሳሳትም ብረቱ ለመዶሻ እንደሚታዘዝ ያስመሰክራል። ተቀባዩ ሚዛንም ማኅተምም ሳያሻው ጥራቱን በዓይኑ ያነብባል። ለትንሽ ሸመታ፣ ለምሳሌ ለአንድ እስር ሙዝ፣ አንድ ሁለት ዘንግ ይበቃል፤ ለከብትና ለጋብቻ ግን በሃያ በሃያ ታስሮ ብዙ እስር ይቆጠራል። ወጣቶች ፖሮ ወደሚባለው የወንዶችና ሳንዴ ወደሚባለው የሴቶች ማኅበር ሲገቡም በዚሁ ይከፈላል። ዘንጉ ቢሰበር ነፍሱ ስለምትወጣ ገንዘብነቱ ያበቃል፤ ተራ ሰው ቢበይደውም የሚቀበለው የለም። «ዞ» የሚባለው የሥርዓቱ ባለሙያ ዋጋውን ተቀብሎ፣ በሥርዓቱ መሠረት ገጣጥሞ ነፍሱን ሲመልስለት ብቻ ወደ ገበያ ይመለሳል። ኢኮኖሚስት ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ሐሰተኛ ገንዘብን የመከላከያ ብልሃት ነው ይላሉ፤ እውነትነት አለው። ነገር ግን ይኸው ዘንግ በመቃብር ላይ ይተከል እንደነበር፣ የሟቹም ነፍስ ማረፊያ ተደርጎ ይታይ እንደነበር ሲታሰብ በብልሃት ብቻ ተብራርቶ የሚያልቅ አይደለም።

የገበያውና የጋብቻው ገንዘብ ምን ያህል ተለያይቶ ይኖር እንደነበር የሚያሳየው በጣም የታወቀው ምሳሌ ናይጄሪያ ውስጥ በቤኑዌ ወንዝ አካባቢ የሚኖሩት የቲቭ ሕዝብ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ በመካከላቸው የኖረው አንትሮፖሎጂስት ፖል ቦሃናን እንደገለጸው፣ የቲቭ ሀብት በሦስት እርከን የተከፈለ ነበር። ከታች እህል፣ ያም የሚባለው ሥራ ሥር፣ ዶሮ፣ ፍየልና የቤት ዕቃ አለ፤ በመካከል ከብት፣ ቱጉዱ የሚባል ነጭ ጨርቅ፣ ባሪያና ሜትር ገደማ የሚረዝም የናስ ዘንግ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሰው ላይ ያለ መብት፣ በተለይ የጋብቻ መብት አለ። በየእርከኑ ውስጥ መለዋወጥ የተለመደ ነው፤ ያምን በዶሮ የለወጠ ሰው ማንም አያመሰግነውም አይነቅፈውምም። ምግብን ወደ ናስ፣ ናስን ወደ ሚስት ማሻገር የቻለ ግን «ልበ ብርቱ» ይባላል፤ በችግር ተገድዶ ናሱን በእህል የለወጠ ሰው ያፍራል፣ ዘመዶቹም ያዝኑለታል። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህ ሥዕል ከመጠን በላይ ጥርት ያለ ነው፣ በተግባር ድንበሩ ዘወትር ይሻገር ነበር፣ አካባቢውም ከሩቅ ንግድ ጋር የተሳሰረ ነበር ብለው ተችተውታል። ትችቱን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ሰዎች ድንበሩን ሲሻገሩ ማፈራቸውና መኩራታቸው ራሱ ድንበሩ እንደነበረ ይመሰክራል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለእነዚህ ገንዘቦች መልካም ስም የሚያተርፍ ነው። ሰው በብረት ይገዛ ነበር ወይ ለሚለው ግን ሌላ መልስም አለ፤ አዎ፣ ይገዛ ነበር፤ ሚስት ሳይሆን ባሪያ። ፖርቱጋሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ሲደርሱ የአካባቢው ሰው መዳብና ናስ እንደሚወድ ተረድተው «ማኒላ» የሚባለውን፣ ጫፎቹ ያልገጠሙ የእጅ አምባር የሚመስለውን ቀለበት በብዛት ማምጣት ጀመሩ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ዱዋርቴ ፓቼኮ ፔሬይራ በዛሬዋ ናይጄሪያ ውስጥ በነበረው በቤኒን መንግሥት አካባቢ አንድ ባሪያ ከ12 እስከ 15 በሚደርሱ ማኒላዎች ይገዛ እንደነበር መዝግቧል። ቁጥሩን ደግመው ያንብቡት። በ1548 የፖርቱጋል ንጉሥ ወኪል በአንትወርፕ ከጀርመኖቹ ነጋዴዎች ከፉገር ቤተሰብ ጋር ያደረገው ውል በሺህ በሚቆጠሩ ኩንታሎች የሚገመት የናስ ቀለበት የሚያስቀርብ ነበር። ኋላም በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች በብሪስቶልና በበርሚንግሃም ራሳቸው ይሠሩት ጀመር፤ የናሱን መጠን እየቀነሱ እርሳሱን ስለሚያበዙ የአፍሪካ ነጋዴዎች ቀለበቱን እርስ በርሱ እያጋጩ ድምፁን በጆሯቸው ይመረምሩ ነበር።

በቤኒን ቤተ መንግሥት ደግሞ ይህ ናስ ሌላ ዕጣ ነበረው። የንጉሡ አንጥረኞች አቅልጠው የነገሥታቱን ራስ፣ የቤተ መንግሥቱን ታሪክ የሚናገሩ ሰሌዳዎችን ሠሩበት፤ በ1897 የእንግሊዝ ጦር ዘርፎ የወሰዳቸው፣ ዛሬ በመላው ዓለም «የቤኒን ነሐሶች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በ2023 የታተመ የኬሚስትሪ ጥናት ከሰመጡ መርከቦች የወጡ ማኒላዎችን ከእነዚህ ሥራዎች ጋር አነጻጽሮ የናሱ ምንጭ በጀርመን የራይን አካባቢ መሆኑን አሳይቷል። ከ2022 ጀምሮ ጀርመን ለናይጄሪያ የመለሰቻቸው ቅርሶች እንግዲህ ማዕድናቸው ከጀርመን የወጣ፣ ወደ አፍሪካ የሄዱትም የሰው ዋጋ ሆነው ነው። በቤኒን የሰው መሸጫ የነበረው ብረት ለአባቶች መታሰቢያ በመሠዊያ ላይ ቆመ፤ የጋብቻውን ክፍያ ከባሪያው ንግድ የሚለየው ከብረቱ ይልቅ የተሰጠበት ግንኙነት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ባሪያ የሆነው ሰው ከዘመዶቹ ተቆርጦ የሄደ ነው፤ የሚመልሰው፣ የሚከራከርለት፣ ብረቱን ቆጥሮ «ይህ አልበቃም» የሚልለት ወገን የለውም።

የኢትዮጵያን ጉዳይ ጠያቂያችን ባያነሡትም ሁለት ነገር ልጨምር። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአንጎት፣ ይኸውም በዛሬው ሰሜን ወሎ አካባቢ፣ እንደ አካፋ የተጠፈጠፈ ብረት መገበያያ ሆኖ ማየቱን ጽፏል፤ ብረቱ በዚያ ቅርጹ ለሥራ አይሆንም፤ ሰው ሲያሻው ቀጥቅጦ የፈለገውን መሣሪያ ያወጣበታል። ስለዚህ ካታንጋን እንደ ሩቅና እንግዳ አገር ማየት አያስፈልገንም።

ሁለተኛው አያቶቻችን «ጠገራ ብር» ያሉት የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ከ28 ግራም ጥቂት የሚያልፍ፣ ንግሥቲቱ ከሞተች ከረጅም ጊዜ በኋላም ሁልጊዜ 1780 የሚል ዓመት ይዞ የሚታተም የኦስትሪያ ብር ነበር። ገበሬው የንግሥቲቱን የዕንቁ ጌጥ ነጥቦች አይቶ፣ ጠርዙን ዳስሶ፣ መስሎ ካልታየው አይቀበልም ነበር፤ አጼ ምኒልክ በ1890ዎቹ በፓሪስ ያሳተሙት የራሳቸው ብርም ይህን ልማድ ሊያስለቅቅ አልቻለም። ጣሊያን ወረራውን ስታሰናዳ በ1935 የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዳ ብሩን በሮም ማሳተሟ ሕዝቡ ምን ያህል እንደጸና ታውቅ ስለነበር ነው። ጠገራ ብር ለጥሎሽ ይቀርባል፤ በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ የአንገት መስቀል፣ አልቦና ድሪ ይሆናል፤ በሚዛንም የወቄት መለኪያ ሆኖ አገልግሏል። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ከገበያ ወጣ፤ በሴት አያቶቻችን አንገት ላይ ግን ቆየ። አንድ ልዩነት ግን አለ፦ ጠገራው ጤፍም፣ በቅሎም፣ ጠመንጃም ይገዛ ነበር፤ እንደ ቲቭ የናስ ዘንግ የክብር ድንበር አልተበጀለትም።

የብረት ገንዘቦቹን የገደላቸው የአውሮፓ ሳንቲም የተሻለ ሆኖ መገኘቱ አይደለም። ቅኝ ገዢዎቹ ግብርን በራሳቸው ገንዘብ ብቻ መቀበላቸው ነው፤ ግብር ለመክፈል ሳንቲም ያስፈልጋል፣ ሳንቲም ለማግኘት ደግሞ በእርሻቸው፣ በመንገዳቸውና በማዕድን ማውጫቸው መሥራት ግድ ነው። በደቡብ ናይጄሪያ እንግሊዞች ማኒላ ከውጭ እንዳይገባ በ1902 ከለከሉ፤ ሕዝቡ ግን ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል አልተወውም። በመጨረሻ ከ1948 መገባደጃ እስከ 1949 ጸደይ በተካሄደ ዘመቻ ከ32 ሚሊዮን በላይ ማኒላ ሰብስበው ለብረት አቅላጮች ሸጡ። በዚያው ደንብ ውስጥ አንድ ሰው ለሠርግና ለቀብር ሥነ ሥርዓት እስከ 200 ማኒላ ማስቀረት እንዲችል ተፈቀደ፤ ጸሐፊዎቹ ሳያስቡት፣ ገንዘቡ ሁለት ሕይወት እንደነበረው በሕግ አንቀጽ መሰከሩ። በቲቭ ዘንድ ደግሞ አስተዳደሩ በ1927 ሴትን በሴት የመለዋወጥ ጋብቻ ከልክሎ በገንዘብ ክፍያ ሲተካው ሦስቱ እርከኖች ፈረሱ፤ ያም የሸጠ ሁሉ በዚያው ሳንቲም ሚስት መጠየቅ ስለቻለ ማጫው እየናረ ሄደ፤ ሽማግሌዎችም ልጆቻችንን መሸጥ ጀመርን ብለው አማረሩ። ጠያቂያችን የፈሩት «እንደ ዕቃ መግዛት» በቲቭ ዘንድ የቀረበው እንግዲህ የናሱ ዘንግ ሄዶ በሁሉም ነገር ላይ የሚሠራው ሳንቲም ሲመጣ ነው።

ስሙና ምልክቱ አሁንም አልጠፋም። ካታንጋ በ1960 ከኮንጎ ተገንጥላ ነጻ መንግሥት ነኝ ስትል በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ሦስት የመዳብ መስቀሎች አሳረፈች፤ በ1961 ባወጣችው ሳንቲም ላይም መስቀሉን ቀረጸች። ኢኳቶሪያል ጊኒም ከ1975 እስከ 1985 ድረስ ገንዘቧን «ኤክዌሌ» ብላ ትጠራ ነበር፤ ስሙ የፋንግ ሕዝብ ለማጫ በእስር በእስር ይቆጥሩት ከነበረው የብረት ገንዘብ የተወሰደ ነው።

ገዝቶ ስለማስቀመጥ ለተጠየቀው፦ የኪሲ ዘንግና ማኒላ በብዙ ሚሊዮን የተሠሩና ከእጅ ወደ እጅ የዞሩ ስለሆኑ፣ ከየት እንደመጡ በግልጽ ከሚነግርዎ ሻጭ ቢገዙ ነውርነት አይታየኝም፤ በቅርቡ ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ ግን በገበያው እንደሚገኝ ይወቁ። ትንንሾቹን የካታንጋ መስቀሎች በተመለከተ ምክሬ የተለየ ነው። ከአፈር የወጣ አረንጓዴ ዝገት የያዘና ሻጩ ሰነድ የማያቀርብበት ትንሽ መስቀል ከመቃብር የተወሰደ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሲወጣ በደረት ላይ ነበር ወይስ በእጅ አጠገብ፣ አንድ ነበር ወይስ መቶ የሚለው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል፤ ከላይ ስለ ሳንጋ የነገርኩዎት ሁሉ የታወቀው ደግሞ በዚያ ማስረጃ ነው። እንዲህ ያለውን አይግዙ፤ አስቀድመው የገዙት ካለም ለሙዚየሙ የአፍሪካ ክፍል ፎቶግራፉን፣ መጠኑን፣ ክብደቱንና የገዙበትን ደረሰኝ ልከው ይጠይቁ።